ነውሩ የማን ነው? ስለ ፍቺ፣ ስለ ግብርና ስለ አንድ ደብተር

«ልጄ፣ ትዳር ሱቅ ነው እንዴ በደብተር የሚመዘገበው?»

ይህን የተናገሩት እስከ ዛሬ የማከብራቸው አንድ አረጋዊ ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2019፣ ማርች ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ለማስታረቅ አልነበረም የመጡት፤ የእርቁ ነገር ከከሸፈ ወራት አልፈውታል። የመጡት «በሰላም እንድንለያይ» ነው። እኔ ከቤቱ የወጣሁት በ2018 ጁን ወር መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያ ቀን የገዛ ቤቴን በር አንኳኩቼ እንደ እንግዳ ነው የገባሁት። ቡናውን ያፈላችው እንደ ወትሮው እርሷ ነበረች።

ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ባለቤቴ ተነሥታ ከመኝታ ቤት አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና በደረሰኝ የተወጠረ ፖስታ ይዛ መጣች፤ ጠረጴዛው ላይም አኖረችው። ከላይ የጠቀስሁት ቃል የተነገረው ያን ጊዜ ነው። እርሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አባቴ፣ ትዳሩማ አልቋል፤ ይህ የቀረው ሒሳብ ነው» አለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላኛው «ነውር ነው፤ አንሺው» አሉ። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ከሐዘን የመጣ እንዲመስል ጥሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ፋይናንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ግብር ምን እንደ ሆነ፣ ሒሳብ የሌለው መንግሥት ማንን እንደሚጎዳ በየዓመቱ ለወጣቶች እሰብካለሁ። በዋሽንግተን አደባባዮች «ግልጽነት! ተጠያቂነት!» የሚል መፈክር ይዤ በብርድ ቆሜአለሁ። ይሁንና ተጠያቂነት በደብተር መልክ ሳሎኔ ድረስ ሲመጣ «ነውር» ከሚሉት ጋር ወገንሁ። በዚህ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

«ከግብር አይቀነስም፤ ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ከነውሩ በፊት ሌላ ሙግት አለ፤ ይህኛው የተማርን የምንባለው ሰዎች ሙግት ነው። «በአሜሪካ ሕግ የፍቺ ወጪ ከግብር ተቀናሽ አይደለም፤ ደረሰኝ ማጠራቀም ከንቱ ድካም ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሙሉ ሐሰት የባሰ ያሳስታል።

እውነቱ ይህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ዓ.ም. ጊልሞር በተባለ የካሊፎርኒያ ነጋዴ ጉዳይ ወስኗል። ሰውዬው በፍቺ ክርክሩ ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ የንግድ ድርሻውን ለመከላከል ስለሆነ ይቀነስልኝ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የክርክሩ ምንጭ ጋብቻው እንጂ ንግዱ አይደለም፤ ስለዚህ ወጪው የግል ነው አለ። ከዚያም በኋላ አንዲት ጠባብ በር ክፍት ነበረች፤ ለግብር ምክር ወይም ግብር የሚከፈልበትን ቀለብ ለማስወሰን ለጠበቃ የተከፈለው ክፍል በተወሰነ መጠን ይቀነስ ነበር። ይህችንም በር በ2017 ዲሴምበር የወጣው የግብር ሕግ ከ2018 ጀምሮ ዘጋት፤ በ2025 ጁላይ የተፈረመው ሕግ ደግሞ ቁልፏን ጣለው። እንግዲህ ጠበቃህን በተመለከተ ወዳጅህ የነገረህ ልክ ነው።

ነገር ግን የፍቺ ሒሳብ የጠበቃ ሒሳብ ብቻ መሆኑን ማን ነገረን? የባለቤቴ ደብተር ውስጥ የጠበቃዋ ሒሳብ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የቀረው ምን እንደ ነበር ልናገር።

አንደኛ፣ ቤቱ። ባልና ሚስት ሲለያዩ በፍቺው ምክንያት ንብረት ቢተላለፉ በዚያን ጊዜ ግብር አይከፈልም፤ ይህ ከ1984 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ሰዎች «ግብር የለውም» ብለው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገሩ ግን ቀረ እንጂ አልጠፋም፤ ቤቱን የወሰደው ሰው የድሮውን የግዥ ዋጋም አብሮ ይወስዳል። እንበልና ቤቱ በ300,000 ዶላር ተገዝቶ፣ ለጣሪያና ለወጥ ቤት እድሳት 60,000 ወጥቶበት፣ ከዓመታት በኋላ ቤቱን የወሰደችው ሴት እየኖረችበት በ700,000 ብትሸጠው፣ ለብቻዋ የሆነች ሴት ከትርፉ ላይ ሕጉ ነጻ የሚያደርግላት 250,000 ነው። የእድሳቱ ደረሰኝ ካላት ትርፏ 340,000 ይሆንና ግብር የሚታሰብባት በ90,000 ላይ ነው። ደረሰኝ ከሌላት በ150,000 ላይ ነው። በ15 በመቶ ቢሰላ የዚያ «ነውር» ዋጋ 9,000 ዶላር ነው። ሌላም አለ፤ የቤቱን ሰነድ በአንዱ ስም ብቻ ለማዛወር የወጣው የጽሑፍና የማስመዝገቢያ ወጪ በቤቱ ዋጋ ላይ ሊደመር እንደሚችል አይ.አር.ኤስ ራሱ ለተፋቱ ሰዎች ባዘጋጀው መምሪያ ጽፏል። ስለዚህ የቤት ወረቀት ቤቱ ተሸጦ፣ የዚያ ዓመት ግብር ተሞልቶ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ አይጣልም።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ። ሽማግሌዎቻችን «ልጆቹን በታክስ አንድ አንድ ያዙ» ብለው ፈረዱ። ቅን ፍርድ ነው፤ ሕጉ ግን አያውቀውም። በፌዴራሉ ሕግ ልጁ ዓመቱን በብዛት ያደረው ከማን ዘንድ ነው ተብሎ ሌሊት ይቆጠራል። ሌሊቱ እኩል ከሆነ ብቻ ነው ገቢው ከፍ ያለው ወላጅ የሚመረጠው። ልጁ አብሮት የሚያድረው ወላጅ መብቱን ለሌላው መልቀቅ ቢፈልግ ቅጽ 8332 የሚባል ወረቀት አለ፤ ይፈርምበታል። ያም ሆኖ የሚለቀቀው ለልጁ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ነው እንጂ፣ «የቤተሰብ ኃላፊ» ሆኖ ግብርን የመሙላት መብት አብሮ አይሄድም። ይህን መብት የሚያገኘው ደግሞ ቤቱን ለማኖር ከወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የከፈለ ነው። በምን ያሳያል? በቤት ክፍያው፣ በመብራቱ፣ በአስቤዛው ደረሰኝ ነዋ!

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለብኝ። በዚያ ማርች ወር የ2018ን ግብር ልሞላ እየተዘጋጀሁ ነበር። ደመወዜ ስለሚበልጥ ሁለቱንም ልጆች በስሜ ላስገባ አስቤአለሁ። ደብተሩ ግን እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ልጆቹ እኔ ዘንድ ያደሩት በወር አራት ሌሊት መሆኑን፣ ከጁላይ ወዲህም የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ የከፈለችው እርሷ መሆኗን በቀንና በቁጥር ያሳይ ነበር። እኔስ? «አልፎ አልፎ በእጄ ሰጥቻለሁ» ከማለት በቀር የማሳየው አንድም ወረቀት አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ደብተሩን ሲያስነሡት ያዳኑት የእርሷን ክብር ሳይሆን የእኔን ውሸት ነበር።

ሦስተኛ፣ ፊርማው። ባልና ሚስት ግብር በጋራ ሲሞሉ ሁለቱም ለሙሉው ዕዳ በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂዎች ናቸው። አባወራው ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው ከሆነ ገቢውን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ሚስቱ በኤፕሪል ወር ወጥ እያማሰለች «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተብላ ትፈርማለች። ከተፋቱ በኋላ ባልየው ያልገለጸው ገቢ ቢገኝ ደብዳቤው ለእርሷም ይመጣል። የፍቺ ውሳኔው «የቀድሞውን ግብር ባል ይክፈል» ቢልም አይ.አር.ኤስን አያስረውም። ያላወቀና ለማወቅም ምክንያት ያልነበረው የትዳር ጓደኛ ከዕዳው ነጻ እንዲወጣ የሚያመለክትበት ቅጽ 8857 አለ፤ ነገር ግን የፈረመችውን ወረቀት ቅጂ እንኳ ያልያዘች ሴት ምን ብላ ታመለክታለች?

አራተኛ፣ ቀለቡ። ፍቺያቸው እስከ 2018 መጨረሻ የተጻፈ ሰዎች ዛሬም በአሮጌው ሕግ ይተዳደራሉ፤ በኋላ ስምምነቱን አሻሽለው አዲሱ ሕግ ይግዛን ብለው በግልጽ ካልጻፉ በቀር፣ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛው ቀለብ የሚከፍለው ይቀነስለታል፣ ተቀባዩ ገቢ ብሎ ያስመዘግባል። ከ2019 ጀምሮ የተጻፈው ፍቺ ግን አይቀነስም፤ በተቀባዩም ላይ ግብር የለበትም። ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፈለው ደግሞ በሁለቱም ሕግ አይቀነስም፣ ገቢም አይባልም። አሁን ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በፖስታ ከሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ጋር አስተያዩት። ያ ገንዘብ ቀለብ ነው? የልጅ ማሳደጊያ ነው? ስጦታ ነው? ሰጭው አንድ ይላል፣ ተቀባይዋ ሌላ ትላለች፤ በመካከላቸው ወረቀት የለም።

መንግሥትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም

«የአሜሪካን ሕግ ታመልካለህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁና ስለ ሕጉም ልናገር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ዓ.ም. ቀለብ የተቀባዩ ገቢ አይደለም ብሎ ነበር። በ1942 ዓ.ም. ኮንግረሱ ይህን ለውጦ ከፋዩ እንዲቀነስለት፣ ተቀባዩ ግብር እንዲከፍልበት አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ከከፋዩ እጅ ወጥቷልና። ይህ ደንብ ከ75 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ የ2017ቱ ሕግ ሻረው።

የዚህ ትርጉም በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በዓመት 24,000 ዶላር ቀለብ ይከፍላል እንበል። እርሱ በ24 በመቶ መደብ፣ እርሷ በ12 በመቶ መደብ ላይ ናቸው። በአሮጌው ሕግ እርሱ 5,760 ዶላር ይተርፈዋል፤ እርሷ 2,880 ትከፍላለች። በመካከል የሚተርፈው 2,880 ዶላር የተለያየው ቤተሰብ ነበር፤ ለልጅ ጫማ፣ ለትምህርት፣ ለሁለተኛው ቤት ኪራይ ይውል ነበር። በአዲሱ ሕግ ይህ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ሁለት ቤት ማቆም ከአንድ ቤት ይልቅ ውድ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ መንግሥት ግን ቤቱ የተሰነጠቀበትን ቀን ጠብቆ ድርሻውን ከፍ አደረገ። ይህን ግፍ ነው እላለሁ፤ በክፍል ውስጥም ብያለሁ።

ታዲያ ሕጉ ሲጨክን መልሱ ምንድን ነው? ሕጉ የቀረልንን ጥቂት ነገር በእጃችን መያዝ ነው ወይስ እርሱንም በነውር ስም መጣል? መንግሥት እያንዳንዷን ሳንቲም ይመዘግባል፤ ጠበቃውም ደቂቃውን ቆጥሮ ያስከፍላል። በዚህ ሁሉ መካከል አለመመዝገብን እንደ ክብር የሚቆጥር አንድ ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን።

የማን ነውር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። «ትዳር ሱቅ አይደለም» የሚለው ቃል እውነት ነው። ትዳር ሱቅ አይደለም፤ ፍቺ ግን ክፍያ ነው፤ ክፍያ ደግሞ ከፋይና ተከፋይ አለው። ይህን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ፍቅርን አያስመልስም፤ ከሁለቱ አንዱን በጨለማ ውስጥ ይተዋል። የሚቀረውስ ማን ነው? የባንክ ሒሳቡ በስሙ የሆነው፣ ደመወዙ የሚበልጠው፣ እንግሊዝኛው የሚፈስለት ሰው ደብተር አያስፈልገውም፤ ሥርዓቱ ራሱ ደብተሩ ነው። ወረቀት የሚያስፈልገው ቃሉ የማይሰማለት ሰው ነው። እንግዲያው «መመዝገብ ነውር ነው» የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል የተደነገገ ቢመስልም የሚከለክለው ደካማውን ብቻ ነው።

በአገራችን የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን አቤቱታ ለቤተ ዘመድ ሽምግልና ይሰጥ ነበር፤ በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት አዛወረው። ሽምግልናን ስለናቀ አይደለም፤ የማስታረቅ ችሎታና የመዳኘት ሥልጣን የተለያዩ መሆናቸውን ስለ ተገነዘበ ነው። እኛ ግን ውቅያኖስ ተሻግረን፣ አገር ቤት የተሻሻለውን ሳናሻሽል፣ ያንን ሥልጣን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሳሎኖች ውስጥ መልሰን አቋቋምነው፤ ያለ መዝገብ፣ ያለ ይግባኝ።

የሚከራከረኝ ሰው የሚለውን አውቃለሁ። «ደብተር የጀመረ ሰው ትዳሩን ቀድሞ ጨርሶታል» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ደረሰኝን እንደ ጦር የሚሰብቁ፣ ለልጅ የገዙትን ወተት ሳይቀር ቆጥረው የሚያዋርዱ ሰዎችም አሉ፤ አይቻለሁ። ነገር ግን ምዝገባና ውርደት አንድ አይደሉም። የምመክረው የጎረሰችውን እንጀራ መቁጠር አይደለም። የቤቱን ሰነድ፣ የእድሳቱን ደረሰኝ፣ የግብሩን ቅጂ፣ የልጆቹን ሌሊት፣ የቀለቡን ቼክ፣ የጠበቃውን ደብዳቤ ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው የለም? ይህን ምሳሌ ለታሪካችን፣ ለድንበራችን፣ ለቅርሳችን ስንጠቅሰው እናምርበታለን። ለሚስታችን ሲሆን ለምን ያሳፍረናል?

ሽማግሌዎቻችንንም አልነቅፍም፤ እነርሱ ባይኖሩ ስንቱ ቤት በፖሊስ ተከቦ ይፈርስ እንደ ነበር አውቃለሁ። የምለምናቸው ሦስት ነገር ነው። ደብተር ይዞ የመጣውን ሰው አታስነሡት፤ ያልያዘውን ሰው «ያንተስ የት አለ?» በሉት። የፈረዳችሁትን በወረቀት አስፍሩ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ግብር ወደሚያውቅ ሰውና ወደ ጠበቃም ይሂድ። በመጨረሻም ስለ ልጆች ስትፈርዱ ሌሊቱን ጠይቁ። ልጁ ያደረው የት ነው ብሎ መጠየቅ የግብር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የአባትነትም ጥያቄ ነው።

እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው ሲወጡ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። እርሷ ስኒውን ታነሣለች፤ እኔ ገለጥ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለቤቱ ቀብድ ከእርሷ እቁብ የወጣው ገንዘብ ተጽፏል፤ በ2011 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ገንዘብ ረስቼው ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ለእንግዳ ሁሉ «ቤቱን የገዛሁት» እያልሁ ስናገር አጠገቤ ተቀምጣ ቡና ትቀዳ ነበር፤ አንድ ቀን አላረመችኝም። ያረመችኝ በደብተሯ ነው።

በኤፕሪል ወር ግብሬን ስሞላ ልጆቹን አላስገባሁም። ቤቱን እርሷ ወሰደች፤ የጣሪያውን ደረሰኝ እኔ ዘንድ አግኝቼ በፖስታ ላክሁላት። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ የሚያስመሰግን ነገር የለውምና። ሕግ ያዘዘውን፣ ያውም ከተያዝሁ በኋላ፣ ነው ያደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ መንግሥታት ሒሳብ በጻፍሁ ቁጥር ያ ደብተር ፊቴ ይደቀናል። «ሲያልቅ አያምር» ይላል ሰው፤ ሲያልቅ ባያምርም ቢያንስ ሒሳቡ ይታወቅ።

ቸር እንሰንብት።